የጋሼ ደስታ ዱላ በሳጥኑ ውስጥ

ተክሌ ጠዋት ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ሁለቱን ሌንሶች በአንድ ጨርቅ ይወለውላል። ግራውን ከወለወለ ቀኙንም የግድ ነው፤ የሸዋሮቢት አቧራ አንዱ ላይ ብቻ ከቀረ ፎቶው አንድ ዓይኑን ሞራ እንደጋረደው ሰው ይሆናል። ካሜራዎቹ አንድ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ታስረዋል፤ እኩል ያነሳሉ። ሁለቱ ፎቶዎች መነጽር ከተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ገብተው እያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሲያይ፣ ሰዎቹ ከወረቀቱ ተነስተው ይቆማሉ።

ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ በሆነበት ከተማ ለተክሌ የቀረችው መተዳደሪያ ይህች ሳጥን ናት። ከጥምቀት ወዲህ የመጣለት ሰርግም አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ፈለቀች ልጅ የራሔል። ይህ ከተበላሸ ሱቁን ዘግቶ ማጀቴ ከተማ ወንድሙ ዘንድ ሽንኩርት ሊኮተኩት ነው። ወንድሙ ዶማውን ሳይቀር መርጦለታል።

ችግሩ የሰርጉ ዳስ ነበር። ጠባብ ስለሆነ ተክሌ ጀርባው አጥር እስኪነካ ቢያፈገፍግም ግማሹ ዘመድ ይቆረጣል። ከሰርግ ፎቶ የተቆረጠች አክስት ደግሞ የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና እስኪነሳ ታኮርፋለች። ስለዚህ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠመዱ ሁለት ማስፊያ መስታወቶች በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ አስመጣ። ቅርብ ተቁሞ ዳሱን ከዳር እስከ ዳር ያስገባሉ።

ያላሰበው ነገር ማስፊያ የራቀውን ማሳነሱ፣ የቀረበውን ማግዘፉ ነው። በወጉ መሠረት ደግሞ ከሁሉ ፊት የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው። የሙሽራዋ አጎት ጋሼ ደስታ ከቀወት መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተውታል።

«ጋሼ፣ ዱላውን ትንሽ ሰብሰብ ቢያደርጉት።»

«የምታነሳው እኔን ነው እሱን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እንግዲያው ተወው።»

ፎቶው የታየው በቅልቅሉ ዕለት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እትዬ ፈለቀች ቤት አብረው ሲበሉ ነው። ሳጥኑ ለክብራቸው ሲባል መጀመሪያ ለሙሽራው አባት ለጋሼ ተፈራ ተሰጠ። ዓይናቸውን አስጠጉ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሹ። የያዙት ጠላ አጠገባቸው በተቀመጡት ቄስ ጭን ላይ ተደፋ።

«ምን አዩ?» አሉ እትዬ ፈለቀች።

«ዱላ መጣብኝ።»

እትዬ ፈለቀች ሳጥኑን ተቀብለው አዩ፤ እሳቸውም ሸሹ። ምሰሶ የሚያህል ዱላ ከሳጥኑ ወጥቶ ዓይን ሊወጋ ይደርሳል። ከዱላው ወዲያ ጋሼ ደስታ፣ ከእሳቸው ወዲያ በሩቁ ሙሽሮቹ ይታያሉ።

«አንተ ተክሌ፣ አማቾቼን በወንድሜ ዱላ ታስፈራራልኛለህ?»

ተክሌ ስለ ማስፊያው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ዶማው ታየው፤ መልሶ ዘጋው።

ጋሼ ደስታ ተራቸው ሲደርስ ረጅም ጊዜ አዩ። አልሸሹም። «እውነቱን ነው ያነሳው» አሉ። «ልጃችን ያለ ሰው አይደለችም።»

ጋሼ ተፈራ ሳጥኑን መልሰው ወሰዱ። ይህን ጊዜ ዱላውን ሊጨብጡ እጃቸውን ዘርግተው አየር ጨበጡ።

«እኔ የታለሁ?»

«ከኋላ፣ በቀኝ። ቁመታም ነዎት ብዬ ነው ከኋላ ያቆምኩዎት።»

«ይቺ አተር የምታህለው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ተፈራ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ወደ ተክሌ ዞሩ። «እሁድ ቤቴ መጥተህ የእኛን ወገን ታነሳለህ። ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። የእኔ ዱላ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል።»

«መጥቼ አያለሁ» አሉ ጋሼ ደስታ።

«ሙሽሮቹስ?» አሉ እትዬ ፈለቀች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን የእሁዱን ሰዓት ይቆርጡ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የጋሼ ተፈራ ዘመዶች ግቢያቸው ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ተክሌም ጣውላውንና ማስፊያዎቹን ይዞ በባጃጅ ይሄዳል።