ያለ ጠመኔ የተቆጠረ ጥርስ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ውስጥ መካኒክ ካላችሁ ሣህሉ ነበር፤ ሌላውማ መፍቻ ይዞ የሚዞር ነው። የደርግ ጦር ሲበተን መለዮውን ጥሎ ጅማ ገባና ዋርካ ሥር ጋራዥ ከፈተ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከአሰንዳቦ እስከ ደዶ ዲፈረንሻል የተሰበረበት ሁሉ ደጅ ይጠናው ጀመር። ለአሮጌ መኪና ዲፈረንሻል ሲመረጥ ዋናው ነገር የጥርሱ ቁጥር ነው። ሣህሉ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ይቀባና ከሚቀጥለው ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይዞራል፤ የተቀባው ላይ ሲደርስ እሱንም ቆጥሮ ያቆማል። ስቶ አያውቅም።

በኋላ ዓይኑ ከዳው። ጠመኔው አልታይ ሲለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሚስቱ ለትርፌ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ጠመኔውን ወረወረና "ጠመኔ ለጀማሪ ነው" እያለ ይጎርር ጀመር። ዓይኑ መድከሙ ከታወቀ መኪናውን የሚያምነው የለማ! ስለዚህ አንዱን ጥርስ በግራ አውራ ጣቱ ተጭኖ ይይዝና በቀኙ ይቆጥራል፤ ግራው ጋ ሲደርስ ያቆማል። ሰዉም በዳበሳ እኮ ነው እያለ ያደንቃል። አይ ሰው!

ቲጃኒ የመጣው በቀይ ቡና ወቅት ነው። ከደዶ ቡና የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድክሩዘር የኋላ ዲፈረንሻሏ ተበልቶ፣ ከአዲስ አበባ ሁለት ያገለገሉ አስመጥቷል። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። ልዩነታቸው ፒኞን የሚሏት፣ ትልቁን ባለ ጥርስ ብረት የምታዞረው ትንሿ ባለ ጥርስ ብረት ላይ ነው። የፊተኛው ዲፈረንሻል ፒኞን ባለ ዘጠኝ ስለሆነ የኋላውም ዘጠኝ መሆን አለበት፤ አለዚያ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ሲጎትት ፊትና ኋላው ይጣላል።

ሣህሉ የመጀመሪያዋን ዳበሰ፤ ስምንት። በዚህ መኪና ላይ ስምንት ገጥሞት አያውቅም። ልቡ ፈራ፤ ግን ሰው ቆሞ ያያል። የሌላ መኪና ነው ያሸከሙህ ብሎ ወዲያ ጣላት። ሁለተኛዋን ዳበሰ፤ ዘጠኝ። ቲጃኒ በአክብሮት፣ ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ እኔም አንዴ ልቁጠራት ቢለው ቱግ አለ፤ ካላመንከኝ ጭነህ ውሰድ አለው። ቲጃኒ አፍሮ ተወው፤ ሁለተኛዋ ተገጠመች።

አስፋልቱ ላይ መኪናዋ ከበፊቱም ፈጠነች፤ ቲጃኒ ሣህሉን መርቆ ሄደ። በሳምንቱ ደዶ ዳገት ላይ ዝናብ ያዘውና አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን ፎርዊሉን አስገባ። ድንጋያማው ጋ ሲደርስ ፊትና ኋላው ተጓተቱ፤ ከሥር አንዳች ነገር ተሰብሮ የፍሬኑን ቱቦ በጠሰው። መኪናዋ ከነቡናዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ገደል ገባች። የቲጃኒ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከተማው ሣህሉ ጥርሱን ስቶ ቆጥሮ ነው እያለ ተንጫጫ። ሣህሉ ግን ዘጠኝ ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ያውም ከልቡ አምኖ። ሽማግሎች ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ቲጃኒም ከሆስፒታል ሲወጣ በክራንች መጣ። ካሣ አልፈልግም፣ ለአላህ ብዬ ይቅር እላለሁ፣ ጋሼ፣ ሰው ፊት አንዴ ይቁጠሩልኝ ብቻ አለ። ከተሰበረችው መኪና ያስወጣትን ፒኞን የሣህሉ እጅ ላይ አኖረለት።

ሣህሉ ደስ አለው። ስሙን የሚያስመልስበት ቀን መጣለት። በግራው ያዘ፣ በቀኙ ዳበሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ።

"ዘጠኝ" አለ፤ ፊቱ በራ። "ምን ብዬ ነበር?"

ቲጃኒ ጎንበስ ብሎ የሣህሉን ግራ አውራ ጣት ቀስ አድርጎ አነሳው።

"ጋሼ፣ ይሄኛውስ?"

ሣህሉ ጣቱን ወደ ቦታው ሊመልስ ቢታገል ቲጃኒ አልለቀቀውም። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ያችን ጥርስ ቀባትና ፒኞኗን ዓይኑ ሥር አዙሮ፣ የትኛዋን እንደቀባሁ ይንገሩኝ አለው። ሣህሉ አፈጠጠ፤ አንገቱን ወዲህም ወዲያም አለ፤ ጠመኔው አልታየውም።

"አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ" አለ ቲጃኒ፤ ክራንቹን ተመርኩዞ ወጣ።

ግቢው ውስጥ አራት መኪና ነበር። ሁለቱን ባለቤቶቻቸው ያኔውኑ አስነስተው ወሰዷቸው። ሁለቱ ሞተራቸው ወርዶ ስለነበር ሽማግሎቹ እየገፉ አወጧቸው።