ክንድ የማይሞላ ገመድ

ሰገን ካዛንቺስ ካለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ ሲስተም ትሠራለች፤ ሰሞኑን ግን ሥራዋ ግራ መጋባት ብቻ ሆኗል። ሲስተሙ በኮንቴይነሮች ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር አንዱን ሥራ ከነጓዙ የያዘ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንዱ ወንበር ይፈልጋል፣ ሌላው ትኬት ይቆርጣል፤ እርስ በርስ ሳይጠያየቁ ግን አይሆንላቸውም። ተሳፋሪ ሲበዛ ኮንቴይነር መጨመር ነው። ሰገን ስትጨምር ግን ሲስተሙ በመፍጠን ፈንታ ጭራሽ ይንቀራፈፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ላደገች ልጅ ይህ ያሳብዳል።

«ኮድሽ ነው» ይላታል አለቃዋ ካሳይ። ሲስተሙ ሰኞ ለደንበኛው ይታያል። ካልሠራ፣ እሷ ወደ ፕሪንተር ጥገና ትመለሳለች።

ዓርብ ከሰዓት ለሙከራ ከላፕቶፗ የውሸት ተሳፋሪዎች ለቀቀችበት። ወዲያው የቢሮው ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሲስተሙም ቀጥ አለ።

«በቃ፣ ኔትወርክ የለም። ነይ ማኪያቶ እንጠጣ» አለ ካሳይ ጃኬቱን እያነሣ። በዚያ ቢሮ ኔትወርክ ሲጠፋ ኦሎምፒያ መውረድ እንደ ሕግ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰገንም ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ መደርደሪያውን አየች። ኮንቴይነሮቹ ያሉባቸው ሁለቱ ሰርቨሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚያገናኛቸው ገመድ ክንድ አይሞላም።

«ቆይ እስቲ ካሳይ፣ እነዚህ እርስ በርስ ለማውራት ኢንተርኔት ምን ያደርግላቸዋል?»

«ማለቴ... ምንም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ካሳይ ጃኬቱን መልሶ ሰቀለ። አምና ኢንተርኔቱ ሲዘጋጋ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እሱም ሰርቨሮቹን በቪፒኤን፣ ግንኙነቱን በውጭ አገር አዙሮ በሚያሳልፍ ፕሮግራም፣ አሳልፏቸው ነበር፤ ቢሮው አጨብጭቦለታል። ኢንተርኔቱ ሲከፈት ቪፒኤኑን አስታውሶ የሚያጠፋ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ኮንቴይነር ጎረቤቱን «ወንበር አለ?» ሲል ጥያቄው ጀርመን ደርሶ ይመለሳል። ሰገን ኮንቴይነር በጨመረች ቁጥር ያበዛችው የጀርመን መንገደኛ ነበር።

ቪፒኤኑን አጠፉት። ኢንተርኔቱ እንደጠፋ ነው፤ ትኬቱ ግን ይቆረጥ ጀመር። ኮንቴይነር ጨመረች፤ ፈጠነ።

«ኮድሽ አልነበረም» አለ ካሳይ ቀስ ብሎ። «ሰኞ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።»

ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች፤ በእሱ ብቻም አይደለም። ያንን ኮድ ደጋግማ ፈትሻ አንድ እንከን አላገኘችበትም ነበር። ታዲያ ከገዛ ዓይኗ ይልቅ እሱን ለምን አመነች? ይህ ነገር እስካሁን ግራ ይገባታል።