የአባቴ ታፔላ በፍየል በረት ላይ

ዛሬ ጠዋት በኬንያ በኩል፣ ኦዳ ውስጥ የአባቴን የእጅ ጽሑፍ የፍየል በረት በር ሆኖ አገኘሁት።

ወተት ልገዛ ማማ ዳኪ ግቢ ገብቼ ነበር። የበረታቸው በር አሮጌ ቆርቆሮ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው የድሮው የሞያሌ ዲስትሪክት ታፔላ! ከላይ የዲስትሪክቱ ስም፣ ከሥሩ ከተሞቹ ተዘርዝረዋል።

አባቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። የእሱ መሆኑን ያወቅሁት "ሶሎሎ" በሚለው የከተማ ስም ነው። ሳይለካ ስለሚጀምር ቦታ አልቆበት የመጨረሻዎቹን ፊደሎች አጨናንቋቸዋል። እናቴ በሕይወት ሳለች "የሶሎሎን ሰው መተንፈሻ አሳጣኸው" እያለች ትስቅበት ነበር።

"ይሄን ከየት አገኙት?" አልኳቸው።

"ካውንቲ የሚሉት አዲስ አስተዳደር ሲመጣ ዲስትሪክት ቀረ ብለው ጣሉት፣ እኔ አነሳሁት። ከፈለግሽ ውሰጂው። ግን ፍየሎቼን በምን ልዝጋ?"

አልወሰድኩትም። ዲስትሪክቱ ቢፈርስም ታፔላው ሥራ ላይ ነው። አሁን የሚያስተዳድረው ዘጠኝ ፍየል ነው፤ እነሱ ደግሞ የእኛን ያህል አቤቱታ አያበዙም።

ፎቶ አንስቼ ልልከው ስልኬን ከፈትኩ። በዚያች በተጨናነቀች ሶሎሎ አብሮኝ የሚስቅ አንድ ሰው ከስሞቹ መሃል ፈለግኩ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ተመለስኩ። ቀልዷን የሚያውቅ ሁሉ አልፏል።

ስለዚህ እዚህ ለጠፍኩት።

እናንተስ፣ የሞተባችሁን ሰው የእጅ ሥራ ባልጠበቃችሁት ቦታ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ረዘም አድርጋችሁም ቢሆን። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።