የሙከራ በሬ

ዛሬም ድረስ በመሥሪያ ቤታችን አንዱ «ቴስት ዳታ ሙሉበትና እናሳያቸው» ሲል ጆሮዬ ይግላል። ለሌላው ሰው ተራ ቃል ነው። አዲስ የተሠራ አፕ ባዶውን እንዳይታይ የሚጨመርበት የፈጠራ መረጃ ማለት ነው፣ አለቀ። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንድ ዳማ በሬ ፊቴ ይደቀናል፤ ከበሬው ኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሆዴ ውስጥ መቀመጥ እምቢ ብሎኝ ነው።

ተመርቄ ወደ ከሚሴ የተመለስኩ ሰሞን እኔን የሚችለኝ አልነበረም። ታች ስልክ የያዘ ሰው ገና ዞር ተብሎ የሚታይበት ጊዜ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት ቀጠረኝና፣ ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ መሬት አልረገጥኩም። «ሰርቨር»፣ «ዳታቤዝ»፣ «ኢንተርፌስ» ሳልል አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨርስም። እናቴ ስልኳ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግራት «ሜሞሪው ሞልቶ ነው፣ ካሹን ማጽዳት አለብሽ» እላታለሁ። ምስኪን «አላህ ያቅልለው» ትለኛለች፣ ስለታመመ ሰው የነገርኳት ይመስል። በቀላል አማርኛ ማስረዳት አቅቶኝ አልነበረም። ሲገባቸው ግን ደስ አይለኝም፤ ደስ የሚለኝ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ነው። ኧረ እኔን!

በኛ አገር ከብት የጠፋበት ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። በየገበያው ይዞራል። ሰው ተሰብስቦ ባየበት ሁሉ ሰላምታውን በኦሮምኛም በአማርኛም ያደርስና የከብቱን ምልክት ይናገራል፤ የሰማውም ምልክቱን ይዞ ሄዶ ለሌላው ይነግራል። አየሁ የሚል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አየው? የት? መቼ?» ነው፤ ያየው ሰው በስሙ ይጠራል። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ የተነገረ ምልክት ጥቂት ቀን ሳይሞላው ጨፋ ይደርሳል፣ ያለ ምንም ኔትወርክ።

ይህንን ነው እንግዲህ እኔ «ወደ ሲስተም አስገባዋለሁ» ብዬ የተነሳሁት። አፑ ሁለት ገጽ ነበረው፤ አንዱ የጠፉ ከብቶች፣ ሌላው የተገኙ። አለቃዬ ሐሳቡን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «በሚቀጥለው ስብሰባ ዴሞ ታቀርቢያለሽ» አለኝ። ዴሞ ማለት አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለሰው ማሳየት ነው። እኔ የገባኝ ግን ያላለቀውን እንዳለቀ አድርጎ ማሳየት ነበር።

ለዴሞው ዐሥር ከብት ያስፈልገኛል። ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ካለችው ክፍል ላፕቶፔን ዘርግቼ ፈጠራ ጀመርኩ። ጥቁር ላም፣ ነጭ ፍየል፣ ጅራቷ የተቆረጠ በግ እያልኩ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ምናቤ ነጠፈ። የከተማ ልጅ ስለ ከብት ከዚህ በላይ ምን ታውቃለች? በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ወደ ሱቁ ገቡ። የአባቴ የቆየ ደንበኛ ናቸው፣ ከጨፋ ሸለቆ የሚመጡ ገበሬ። ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ ቦርከና ወንዝ ዳር ሲግጥ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። አረፍ ብለው ውሃ ከጠጡ በኋላ ምልክቱን ይናገሩ ጀመር። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው፣ ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ ነው፣ ቀኝ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የወረደ ነው። እያንዳንዱን ምልክት በገዛ ፊታቸው ላይ በጣታቸው እያሳዩ ነበር የሚናገሩት። በተከፈተው በር ወደ እኔ ዞር ሲሉ ጣቶቼ ሲሮጡ አዩና «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። እየጻፍኩላቸው መስሏቸዋል።

መጻፉንስ ጽፌያለሁ። ዐሥረኛ ከብቴ አደረግኩት። ያስገባሁት ግን የጠፉት ገጽ ውስጥ አይደለም፤ የተገኙት ውስጥ ነው። ለሹማምንት ከጠፋ ይልቅ የተገኘ ማሳየት ያምራል ብዬ። «የተገኘበት ቦታ» የሚለው ላይ አፌ ላይ የመጣልኝን ጨፋ ሮቢት ብዬ ሞላሁና ላፕቶፑን ዘጋሁ። ቴስት ዳታ ነዋ! ከዴሞው በኋላ አጠፋዋለሁ ብዬ ነው።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ሹማምንቱ ከፊት፣ የየቀበሌው የግብርና ሠራተኞች ከኋላ፣ የተጋበዙ የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የቃላት ትምህርት ሰጠኋቸው፣ ሳይጠይቁኝ። «ዩዘር» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። በኛ ሙያ አፑን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ዩዘር ነው፤ ስም የለው፣ ዕድሜ የለው፣ እርሻ የለው። ከዚያ ከብቶቼን ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ተገኘ የምትይውን ማን ነው ያየው?»

«ሲስተሙ ያውቀዋል» አልኩ።

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልስ ይጠብቁ ነበር። «አባባ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር ምስክር አይጠየቅበትም» ብያቸው አለፍኩ። ድፍረቴን እዩልኝ! ከብቶቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው የሚል አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ብናገር ጭብጨባው ይቀዘቅዛል ብዬ ፈራሁ።

ከግብርና ሠራተኞቹ አንዱ በሬ የጠፋባቸው ሽማግሌ የሚኖሩበት ቀበሌ ሰው ነበር። ዐሥረኛው ከብት ሲያልፍ ምልክቱን ለየው። ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ ከአዳራሹ እንደወጣ ወደ መንደሩ ደወለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሽማግሌው በሬ ጨፋ ሮቢት መገኘቱን ያልሰማ አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌው እግሯ የታሰረ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡ። የምስራች መሆኑ ነው፤ የጠፋ ከብት ወሬ ላመጣ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም። ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልኝ። «አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ፣ እናት አባትሽ ወግ ማዕረግሽን ይዩ» አሉኝ። ከዚያ «ማን ቤት ነው ያለው? ዛሬውኑ ልሂድ» አሉ።

መናገር ያኔ ነበር። «አልተገኘም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አለቃዬ ግን ድምፅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣና ሽማግሌውን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «ይኸው! አፑ ገና ሳይመረቅ በሬ አገኘ!» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳን፤ እኔን፣ ሽማግሌውን፣ ዶሮዋን። እኔም ፈገግ አልኩ። ፎቶውን ከሪፖርት ጋር ወደ በላይ ሊልከው እንደሆነ ነገረኝ። ወደ ሽማግሌው ዞሬ «ያገኘው ሰው ስም ገና ሲንክ አላደረገም» አልኳቸው። መረጃው ከአንዱ ስልክ ወደ ሰርቨሩ ገና አልደረሰም ለማለት የምንጠቀምበት ቃል ነው። የሚደርስ ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «እሺ፣ እንግዲህ እዚያው ሄጄ እጠይቃለሁ» ብለው ወጡ። ዶሮዋን ቤት ወሰድኳት። እናቴ ሠራቻት፤ እኔም ከሰዉ እኩል ቀርቤ በላሁ።

ሽማግሌው ጨፋ ሮቢት ገበያውን፣ በረቱን፣ የሰዉን ጓሮ ሦስት ቀን ሲዞሩ ከርመው ተመለሱ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። «አጣሁት ልጄ፣ እስቲ ደግመሽ እይልኝ» አሉ። «ባግ አለበት፣ እያስተካከልኩት ነው» አልኩ፤ ፕሮግራሙ ስህተት ገጥሞታል ማለቴ ነው። በሳምንቱ ሲመጡ «አዲሱን አፕዴት እየጠበቅን ነው» አልኳቸው። እያንዳንዱን ቃል አንገታቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉኛል። አንድ ቀን እንኳ «ምን ማለት ነው?» ብለውኝ አያውቁም። የደንበኛቸው ልጅ፣ ያውም የተማረች፣ ትዋሻለች ብለው እንዴት ያስቡ? ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ በመስኮት አየኋቸውና ዕቃ ክፍል ገብቼ ተደበቅሁ። ዲግሪ ይዤ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ኋላ ቁጢጥ ብዬ፣ ባልደረባዬ «መስክ ወጥታለች» ስትላቸው እሰማለሁ። «አብሽሪ፣ ሥራ ነው። ስትመለስ ሰላም በይልኝ» ብለዋት ሄዱ። እኔ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ «ያ ሰውዬ ዘንድሮ እርሻው ጦሙን ሊያድር ነው» አለ። ሽማግሌው አንድ በሬ ቀርቷቸዋል፤ ጎረቤታቸውም ያለው አንድ ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሁለቱን በሬ ጠምደው ተራ በተራ የሚያርሱበት መቀናጆ የሚባል ልማድ አለን፤ ስምምነቱም የሚደረገው ዝናቡ ሳይገባ ነው። ጎረቤቱ «እንቀናጅ» ብሎ ሲመጣ ሽማግሌው «የኔማ ተገኝቷል፣ ሊመጣ ነው፤ አንተ ሌላ ፈልግ» ብለው መለሱት። እሱም ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ። አሁን በመንደሩ ጥንድ ያጣ በሬ የሳቸው ብቻ ነው።

ያነሳሁትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩ። አባቴ አየኝ። ነጋዴ ነው፣ ፊት ማንበብ ያውቃል።

«በሬው አለ ወይስ የለም?» አለኝ።

«አባ፣ ቴስት ዳታ ነው። ማለቴ፣ አንድ ሲስተም ሲሠራ...»

«በሬው አለ ወይስ የለም?»

«የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው።»

አባቴ ሲቆጣ ጎረቤት የሚያስወጣ ጩኸት ነው የሚጮኸው። ያን ቀን አልጮኸም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። እጁን ታጠበ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ «ተነሺ» አለኝ።

ባጃጅ እስከሚደርስበት ድረስ ሄደን የቀረውን በእግራችን ገባን። በግራም በቀኝም ሰው በጥማድ ያርሳል። አንዱን ጥማድ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ፤ አባቴ ደግሞ ሆን ብሎ ይመስለኛል እየቆመ ገበሬውን ሁሉ ሰላም ይላል። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ለሁለት በሬ የሚሆን አዲስ ቀንበር እየጠረቡ አገኘናቸው። ሲያዩን መጥረቢያውን ጥለው «ኑ፣ ግቡ!» ብለው ተሯሯጡ። ዓይናቸው ከኋላችን ያለውን መንገድ ያያል፤ በሬው ተከትሎን የመጣ መስሏቸው ነው። አልተቀመጥኩም።

«በሬው አልተገኘም» አልኳቸው። «ጨፋ ሮቢት ተገኘ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያም በኋላ በመጡ ቁጥር ዋሽቼዎታለሁ።»

ሚስታቸው ከጓዳ ሊያመጡልን ያነሱትን ጣሳ እንደያዙ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ስነግራችሁ የምትጽፊው ይሄን ነበር?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ።»

«በጠፉትስ ውስጥ ጽፈሽው ነበር?»

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር። «አልጻፍኩትም» አልኩ።

«አንድ የአፋር ወዳጅ አለኝ» አሉ፣ አባቴን እያዩ። «በበጋ ከብቱን ይዞ ወደኛ ሣር የሚመጣ። ባለፈው ስንገናኝ ባቲ ገበያ ላይ ምልክቱ ሁሉ የኔን የሚመስል በሬ ሰው ሲነዳ አየሁ አለኝ። ሊያስይዘው ብሎ፣ የኔ መገኘቱን ሰምቶ ስለነበር ተወው። እኔም ‹አዎ፣ የኔማ ተገኝቷል፣ ተመሳስሎብህ ነው› አልኩት። በገዛ አፌ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ እያለቀስኩ «አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ ወዲያው። «አላህም ይበልሽ። ግን እኔ ስንቱን ሰው ነው ተገኘ ያልኩት? አሁን ዞሬ ለዚያ ሁሉ ሰው አልተገኘም ልለው ነው። ዋሾ አይለኝም?»

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

የሚቀጥለው ሰኞ ባቲ አብረን ሄድን። ከብት ተራው መግቢያ ላይ ሽማግሌው ሰዉን ሰብስበው ምልክቱን እንደ አዲስ ተናገሩና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ተገኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። እሳቸው አልዋሹም» አልኩ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ከአንዱ ስብስብ ወደ ሌላው እየሄድን እስከ ከሰዓት ድረስ ይህንኑ ደጋገምኩት። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዷ ሴትዮ «እሷ ብሎ የተማረ!» አለችኝ፣ አንዱ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። በሬውን ያየ ሰው አላገኘንም። ሽማግሌው ያን ዓመት መሬታቸውን ግማሹን ምርት ለሚወስድ ሰው ሰጥተው አሳረሱ።

ስድቡን ችዬዋለሁ፣ ይገባኛልም። ያልቻልኩት ሌላ ነው። «ውሸት ነበር» ባልኩ ቁጥር፣ አጠገቤ ቆመው መሬት መሬት የሚያዩት እሳቸው ነበሩ።