ወንድሜ የነፋው ጎማ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። እኔ ሥራዬ ሳይክል መንዳት ነውና ጎማ በነፋሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ልርሳው ብል የት ልሸሸው?

ያደግሁት መሐል ሜዳ ከተማ ነው። ሳይክል ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ነው። ገበያው ዳር ሳይክል እየጠገነ ያከራይ ነበር። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ!» እያሉ የሚያሙኝን «መጀመሪያ ቅደሟት፣ ከዚያ ታሟታላችሁ» እያለ አፋቸውን ያስይዛቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ውጭ አገር ለሚደረግ ውድድር ተመረጥኩ። የእኔ ሳይክል አርጅቶ ስለነበር የራሱን ሰጠኝ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱንም ጎማ ነፋልኝና «አንቺ ልምምድሽን ሥሪ፤ እኔ ሳይክሉ ለአውሮፕላን የሚታሸግበት ካርቶን ፈልጌልሽ እመጣለሁ» ብሎ ደብረ ብርሃን ወረደ።

ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ጌታነህ እዚያው ቀረ። ጣሪያው ላይ የታሰረው ካርቶን ግን ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። ምነው ሸዋ! ሰው ተሰብሮ ካርቶን ይተርፋል?

በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱን ሸልመው ለቅሶው መሃል ይጎትቱታል። ጌታነህ ፈረስ አልነበረውም። አጎታችን ጋሽ አበጋዝ ሳይክሉ ላይ የጌታነህን ጋቢ ጣል አድርገው፣ መሪውን ይዘው እያለቀሱ አዞሩት። አንድም ሰው አልሳቀም። ወደ ቤት ሲመልሱት እማዬ የፊተኛውን ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችና «ጠንካራ ነው። ልጄ የነፋው ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው መንፊያ እንዳያስጠጋበት ከለከለች።

እኔ መሄዱን ትቼው ነበር። «ታዲያ ካርቶኑን ያመጣው ለማን ነው? ትሄጃለሽ!» ያለችኝ ራሷ እማዬ ናት። ጎረቤት በሐዘኗ ላይ ሳይክል ብሎ ቢያማም ጆሮ አልሰጠችውም።

ከመሐል ሜዳ በምነሳበት ዋዜማ አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ ደወለ። «ፔዳሉን ፍቺ፣ መሪውን ወደ ጎን አዙሪ፣ ጎማውን አስተንፍሺ። ካልተነፈሰ አንጭንም ብለውናል አየር መንገዶቹ» አለኝ።

ፔዳሉን ፈታሁ። መሪውን አዞርኩ። የኋላው ጎማ ቀስ በቀስ በራሱ ተንፍሶ አልቋል። የቀረው የፊተኛው ነው። እጄን ስሰድ እማዬ ከመደቡ ተነስታ ያዘችኝ።

«እሱን ተይልኝ።»

«እማዬ፣ አይጫንም እኮ!»

«እስቲ ለምኛቸው። ወንድሜ የነፋው ነው፣ አሁን የለም በያቸው። ልጅ የላቸውም እንዴ?»

«አየር እኮ ነው እማዬ!» ብዬ ጮህኩባት። እኔም እኮ አንጀቴ አሯል።

እሷ መሬት ቁጭ ብላ ጎማውን ጫን፣ ጫን አደረገችው። ለካ በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እንዲሁ ታደርግ ኖሯል።

«ይሄም እየለሰለሰ ነው» አለች። «በየቀኑ ሲያልቅ ከማየው…» ቀና ብላ «የት ጋ ነው የሚከፈተው?» አለችኝ።

አሳየኋት። ክዳኑን ፈታች፣ ፊቷን አስጠጋችና የአየር መግቢያውን በጥፍሯ ጫን አደረገችው። ፊሽ… አለ። የነጠላዋ ጠርዝ ተርገበገበ። ዓይኗን ጨፍና፣ አየሩ እስኪያልቅ ድረስ ጉንጯን አላነሳችም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቅሳለሁ። ሲያልቅ ክዳኑን መልሳ አጥብቃ ዘጋችው፣ በባዶ ጎማ ላይ።

«ይቀዘቅዛል» አለች። ሳይክሉን አብረን ካርቶኑ ውስጥ ከተን በገመድ አሰርነው።

ውድድሩን የጨረስኩት ከኋለኞቹ ጋር ነው። ጨረስኩ ብቻ። ወደ ቤት ስመለስ ጎማውን ነፋሁና እንድትነካው ጠራኋት። በር ላይ ቆማ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለች እንጂ አልቀረበችም። ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

ሰው ሲያጽናና «የሞተ ተጎዳ» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የእናቴን ጉንጭ ያን ቀን ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

አሁን ለጉዞ ጎማ የማስተነፍሰው እኔ ነኝ። የነፋሁት እኔው መሆኔን እያወቅኩ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር እላለሁ፣ ከዚያ ጉንጬን ጠጋ አደርጋለሁ። እውነቷን ነው፤ ይቀዘቅዛል።