ደበሳ ጎንፋና የቱርኮቹ ስም

መቱ ውስጥ ስሙን ታፔላ ላይ ያወጣ ሰው ቢቆጠር፣ ከግማሽ በላዩ በደበሳ ጎንፋ እጅ ያለፈ ነው። የመድኃኒት ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ፣ የጠበቃው በር፣ የእድሩ ማኅተም ሳይቀር የእሱ ሥራ ነው። ሱቁ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚጠብቁበት ማዞሪያ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከተወለደባት ሁሩሙ ወደ መቱ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሁለት ብሩሽና ግማሽ ጣሳ ቀለም ይዞ ነበር።

በስም ነገር ቀልድ አያውቅም። ደንበኛ አጣሞ ያመጣውን ስም ሳያቃና አይጽፍም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሆቴል የገዛ አባቱን ስም በአንድ ፊደል ገድፎ ቢያመጣ፣ «አባትህን ጠይቀህ ና» ብሎ መልሶታል። ሰውየው ተናዶ ሄደ፤ በማግስቱ ግን አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ደበሳ ነበር ልክ።

በ1984 ዓ.ም. ቁቤ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ መጥቶ የከተማው ታፔላ ሁሉ እንደ አዲስ ይጻፍ ሲባል፣ ሌሎቹ ጸሐፊዎች «እስቲ ይረጋ» እያሉ ሲያቅማሙ፣ እሱ ክረምቱን ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ተቀምጦ ተማረ። «ሲ» የምትባለው ፊደል ጨ ናት፤ «ኤክስ» ጠ ናት፤ «ኪው» ቀ ናት። ይህን ልቅም አድርጎ ይዞ ሲወጣ፣ ለሦስት ዓመት ያህል ከመቱ እስከ ቡሬ ከእሱ በቀር ቁቤ በብሩሽ የሚጽፍ አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የፊደል ግድፈት ሲያርምባቸው ዝም ብለው ይቀበሉት ነበር። ከዚያ ወዲህ ላቲን የሚባል ነገር የሚያሳስተው አልመሰለውም።

በ2010 መስከረም ላይ፣ ከቡሬ ወዲህ ድልድይ የሚሠሩ ቱርኮች መጡ። አስተርጓሚያቸው አብዱልመሊክ ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴዋ የእትዬ ኸዲጃ ልጅ፣ ቱርክ አገር አራት ዓመት ተምሮ የተመለሰ። አንድ ቀን ጠዋት በኮምፒውተር የታተመ ዝርዝር ይዞ ወደ ሱቁ ገባ።

«ጋሼ ደበሳ፣ ሃያ አራት ባጅ ይሠሩልኛል» አለ። «ደረት ላይ የሚንጠለጠል። ከላይ በራሳቸው ፊደል፣ ከታች በእኛ ፊደል ይሁን። ሠራተኛው ስማቸውን መያዝ አቅቶት ሁሉንም ‹ቱርክ› ነው የሚላቸው። አንዱን ሲጠራ ሃያ አራቱም ዞረው ያያሉ።»

«ይሠራል።»

«አነባበቡን ልንገርዎት? የእነሱ ላቲን ትንሽ …»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ላቲን ስጽፍ አንተ ገና አልተወለድክም» አለው ደበሳ ሳቅ ብሎ፤ ዝርዝሩንም ከእጁ ወሰደ።

ብቻውን ሲሆን ወረቀቱን አስተውሎ አየው፤ ደስ አላለውም። አንዳንዱ ፊደል ነጥቡ ወድቋል። ከአንዳንዱ ሥር ጅራት ተንጠልጥሏል። «ጂ» የምትባለዋ ደግሞ እዚህም እዚያም ቆብ ደፍታለች። ባለቤቱ ዋሪቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ አሳያት።

«ማተሚያቸው ቀለም ይተፋል መሰለኝ። አየሽው እንዴት እንዳቆሸሸው?»

ዋሪቱ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «የገለኔ አባት፣ ቆሻሻ ሁልጊዜ አንድ ፊደል እየመረጠ ያርፋል?»

«ወረቀቱ ታጥፎ ነዋ።»

እሷም ነገሩን ተወችው። ደበሳ የወደቀውን ነጥብ መለሰ፤ ጅራቱን ቆረጠ፤ ቆቡን አወለቀ። ከታችም እንደሚያውቀው አድርጎ በአማርኛ ፊደል ጻፈ። ሐሙስ ዕለት ሃያ አራቱም ባጅ ተጠቅልሎ ወደ ቡሬ ሄደ፤ ሥራው በእርግጥም ያማረ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የሆነውን የነገረው የቡሬ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እሱም በሳቅ እየተቋረጠ።

ከቱርኮቹ አንዱ የገልባጭ መኪና ሾፌር ስሙ ጃን ነው። በእነሱ አጻጻፍ ጃን የሚጀምረው በ«ሲ» ነው፤ እነሱ ዘንድ «ሲ» ጀ ናት። ደበሳ ግን ጨ አድርጎ አንብቧት ባጁ ላይ በጉልህ «ጫን» ብሎ ጽፏል። ሾፌሩ ባዶ መኪናውን ይዞ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወደ መቱ ሊሄድ ሲል፣ ድንጋይ የሚለቅሙት ሠራተኞች ደረቱን አነበቡ። ትእዛዝ ነው ብለው መጫን ጀመሩ። ሰውየው ደንግጦ ወረደና «እኔ ጃን ነኝ» ለማለት ይሁን ለምን፣ ባጁን በጣቱ መታ መታ አደረገ። እነሱም «እሺ ገባን» ብለው ፈጠኑ። አሁንም መታ። ሰው ጨመሩ። ፎርማኑ ሲደርስ መኪናው እስከ ጋቢናው ድንጋይ ሞልቷል፤ ሾፌሩም ጎማው ላይ ተቀምጦ ተስፋ ቆርጦ ሲጋራውን ያጨሳል።

ባጃጅ ነጂዎቹ ይህን ሰምተው ሲንከባለሉ ደበሳ አልሳቀም። ወደ ሱቁ ገባና በሩን ገርበብ አደረገ። ዋሪቱ ምሳ ብታመጣለት አልነካውም። ሠላሳ ዓመት የሰውን ስም ሲያቃና ኖሮ፣ ሃያ አራት የእንግዳ ሰው ስም በአንድ ሳምንት አበላሸ። ይህ ነበር ያንገበገበው።

ሰኞ ዕለት አንድ ፒክ አፕ ከደጁ ቆመ። አብዱልመሊክ ወረደ፤ ከኋላው ጢሙ የሸበተ፣ በሩን የሚሞላ ሰው ተከተለ። ፎርማኑ ነው። ደበሳ ተነሥቶ ቆመ። ሰውየው ከኪሱ አንድ ባጅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና በቱርክኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል ብሎ ነው የሚጠይቅዎት» አለ አብዱልመሊክ።

«ጫን ይላል» አለ ደበሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አብዱልመሊክ ተረጎመው። ፎርማኑ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ትንፋሹ ሲመለስ ያለውን አብዱልመሊክ እንዲህ ሲል ነገረው፦ «የሾፌሩ የቤተሰብ ስም ታሽቺ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ማለት ነው፤ የቅድመ አያቱ ሥራ ነበር። ‹ስሙን ከነታሪኩ ነው የጻፍክለት› ይልዎታል።»

ደበሳ ያን ጊዜ ፈገግ አለ። ግን አልተቀመጠም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁሉንም እንደ አዲስ እሠራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ትርጉሙን ሳላውቅ ጻፍኩና ያየነውን አየን። ጊዜ ካለዎት እያንዳንዱን ስም ይንገሩኝ፤ አነባበቡንም፣ ፍቺውንም።»

ጊዜ ነበረው። እስከ ቀትር ተቀመጡ። ያ የወደቀ የመሰለው ነጥብ ለካ አልወደቀም፤ ነጥብ የሌላት ሌላ ፊደል ናት። ጅራት ያላት «ሲ» ቸ ናት፤ ጅራት ያላት «ኤስ» ሸ ናት። ቆብ የደፋችው «ጂ»ስ ብሎ ቢጠይቅ፣ እሷ አትነበብም፤ ከፊቷ ያለውን ድምፅ ታስረዝማለች እንጂ አሉት።

«ወንበር ይዛ ሥራ የማትሠራ ማለት ነው» አለ ደበሳ። «እኛም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ አለ።»

ወደ ፍቺው ሲገቡ ደበሳ ብሩሹን አስቀመጠ። ጃን ማለት ነፍስ፣ ሕይወት ነው። ጀማል ያው የእኛው ጀማል ነው፤ ከዓረብኛ የመጣ፣ ውበት። ኡሚት ማለት ተስፋ ነው ሲባል፣ «በእኛ አብደታ በለኛ» አለ ደበሳ፤ ሁሩሙ ውስጥ ብቻ ሦስት አብደታ ያውቃል። ያሙር የሚባል የቤተሰብ ስም ያለው ብየዳ ሠራተኛ አለ፤ ዝናብ ማለት ነው። «እሱ ደግሞ ሮባ ነው።» ደሚርጂ ቀጥቃጭ ነው፤ «ጂ» ወይም «ቺ» ከኋላ የተቀጠለበት ሁሉ የሙያ ስም ነው። መጨረሻው «ኦሉ» ከሆነ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ፎርማኑም በተራው ጠየቀ፤ ደበሳ ልጁ ገለኔ እንደምትባል ቢነግረው፣ ገለኔ ማለት ምንድን ነው አለ። ባሕር መሆኑን ሲሰማ ጭኑን መታ። እነሱ ዘንድ ዴኒዝ ይሏታል፤ የታናሽ እህቱ ስም ነው።

«ገለኔ ደበሳ ናት?» አለ ፎርማኑ። «አንተ ደግሞ ደበሳ ጎንፋ። ለምን ያንተ የቤተሰብ ስም ለእሷ አልተላለፈም?»

«የቤተሰብ ስም የለንም» አለ ደበሳ። «እኛ ዘንድ አባት ከልጁ ኋላ ይቆማል። ከእኔ ኋላ ጎንፋ አለ፤ ከእሷ ኋላ እኔ አለሁ። ከእርስዎስ ኋላ ማን አለ?»

የሰውየው ሙሉ ስም ዱርሱን ኮርክማዝ ነበር። «ኮርክማዝ» አለ።

«አባትዎ ናቸው?»

«ሰው አይደለም፤ ቃል ነው። አይፈሬ ማለት ነው።»

ዱርሱን ታሪኩን አጫወተው። ቱርኮችም ጥንት እንደ እኛ ነበሩ፤ የእገሌ ልጅ እገሌ፣ የላይኛው መንደር እገሌ፣ አንካሳው እገሌ እየተባባሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ሁሉም ቤተሰብ አንድ መጠሪያ ይምረጥ የሚል ሕግ ወጣ። አንዱ የመንደሩን ስም ወሰደ፤ አንዱ አለት፣ አንዱ አንበሳ ነኝ አለ። የዱርሱን አያት ከተራራ መንደር የወጣ ገበሬ ነበር፤ ቢሮ ገብቶ ስለማያውቅ ጸሐፊው ፊት ሲቆም ላብ አጠመቀው፤ አፉ ተሳሰረ። ጸሐፊው ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ መልስ የለም። አዘነለትም፣ ተጫወተበትም፤ መዝገቡ ላይ «አይፈሬ» ብሎ ጻፈና አሰናበተው። የአያቱ ወንድም ደግሞ በሌላ ከተማ ተመዝግቦ ሌላ ስም ወጣለት። እስከ ዛሬ ያንድ ቅድመ አያት ልጆች በሁለት ስም ይጠራሉ።

ደበሳ በዚህ በጣም ሳቀ፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ዱርሱንስ?» አለ።

ዱርሱን ጢሙን ዳሰስ አደረገ። አብዱልመሊክም ሲተረጉም ቀስ አለ። «ዱርሱን ማለት ይቆይ ማለት ነው። ከእሱ በፊት ሦስት ልጆች ተወልደው አልበረከቱም። እናቱ እሱን ስትወልድ፣ ይህ እንኳ ይቆይልኝ ብላ ነው። እነሱ አገር እንዲህ ያለ ስም ብዙ ነው፤ ያሻር የሚባልም አለ፣ ይኖራል ማለት ነው።»

«የኔንም ንገረው» አለ ደበሳ። «ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ፤ በኩፍኝ ሞተ። እኔ ስወለድ እናቴ ‹መለሰልኝ› አለች። ደበሳ ማለት እሱ ነው፤ መለሰ።»

ዱርሱን ይህን ሲሰማ በጠረጴዛው ላይ እጁን ዘረጋ፤ ደበሳም ቀለም የነካው እጁን ሰጠው፤ ለረጅም ጊዜ ተጨባብጠው ቆዩ። ዋሪቱ ምሳ ይዛ ስትደርስ ያገኘቻቸው እንዲህ ሆነው ነው። ያን ቀን ምሳው ለሦስት አልበቃም፤ ተመልሳ ጨምራ አመጣች።

አዲሶቹ ባጆች ሦስት መስመር ነበራቸው፤ ሦስተኛው የዱርሱን ሐሳብ ነው። ከላይ በቱርክኛ፣ በመካከል በአማርኛ ፊደል፣ ከታች ፍቺው በኦሮምኛ። ሠራተኞቹ ከሦስቱ የወደዱት ሦስተኛውን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሙር ሮባ ሆነ፤ ኡሚት ተስፋ በሚለው ቃል አብዲ ተባለ፤ ጃንን ሉቡ ይሉት ጀመር። ነፍስ ማለት ነው፤ ሾፌሩም ቡሬ ገበያ ውስጥ አሮጊቶች «ሉቡ፣ ሉቡኮ»፣ ነፍሴ፣ እያሉ ሲጠሩት ተመችቶት ቀረ። ዱርሱን ቱራ ተባለ፤ ይቆያል ማለት ነው። ድልድዩ አልቆ እስኪሄዱ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ መቱ እየመጣ ደበሳ ደጅ ይቀመጥ ነበር። በመጨረሻም ደበሳ በጥድ ጣውላ ላይ የበር ሰሌዳ ቀርጾ ሰጠው፤ «ኮርክማዝ» ይላል፤ ከሥሩም በአማርኛ «አይፈሬ»። በኋላ አብዱልመሊክ በስልኩ ፎቶ አሳየው፤ ጥቁር ባሕር አጠገብ ባለ መንደር፣ የብረት በር ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ይህ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው እያሉ ደወል ስለሚደውሉ የዱርሱን ሚስት ተማርራለች አሉ።

ዛሬ ብሩሹ የግድግዳ ጌጥ ሆኗል፤ ደበሳ ባነር የሚያትም ማሽን አስገብቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ግን ስም ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ነው። የቱርክ ተከታታይ ድራማ በየቤቱ ስለሚታይ፣ ወላጆች ደስ ያላቸውን ድምፅ ለቅመው ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት፣ በ2016 ጥር ላይ፣ ነመራ የሚባል የሁሩሙ ማር ነጋዴና ሚስቱ ዲንቃ የሃያ ቀን ሕፃን ታቅፈው መጡ። ለልጅቷ የስም ማውጫ ባነር ይፈልጋሉ።

«ስሟ ማን ይሁን?»

«የቴር» አለ ነመራ። «ከድራማ ላይ ሰምተነው ነው። አያምርም?»

ደበሳ መነጽሩን አወለቀ። «ያምራል። ስንተኛ ልጃችሁ ናት?»

«የመጀመሪያ።»

«እንግዲህ እወቁት። የቴር ማለት ይበቃል ማለት ነው። ሴት ልጅ የበዛባቸው ሰዎች ከእንግዲህስ በቃን ሲሉ የሚያወጡት ነው።»

ነመራ ደነገጠ። «ኧረ እኔ አራት ነው የምፈልገው» አለ።

ዲንቃ ሕፃኗን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል «እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አምጫለሁ» አለች። «ስሙን ወድጄዋለሁ። ይጻፍ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ደበሳ በሁለት ሰው መካከል ገብቶ ስም እንደማይጽፍ ነግሯቸው የስሙን ቦታ ባዶ ትቶ የቀረውን አሰናዳ፤ ተማክረው እንዲመለሱም ቀጠራቸው።

በማግስቱ ነመራ ብቻውን መጣ፤ አንድ ጣሳ ማር ይዟል። «ኢብሴ ተብላለች» አለ። «ብርሃን ትሁንልን ብለን።»

«መልካም ስም ነው። ዲንቃ ተስማማች?»

ነመራ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። «በስሙ ተስማምታለች። የቴር ያልሽውስ ብላት፣ እሱን ለልጅቷ ሳይሆን ለአንተ አውጥቼልሃለሁ አለችኝ።»

ደበሳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማሽኑን አበራ፤ ስሙንም ፊደል በፊደል ጠይቆ ጻፈ።