ሩስተምና የሴሊሚዬ ደረጃዎች

በቱርክ ድንበር ላይ ያለችው የኤዲርኔ ከተማ ሰው ኩሩ ነው ቢባል ሐሜት አይደለም። ኢስታንቡል የሌላ ንጉሥ ከተማ ሳለች ሱልጣኖቹ የተቀመጡት እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንበሩ ስንቴ ሄደ፣ ስንቴ መጣ፤ ያልገባበት ጦር የለም። የሴሊሚዬ መስጊድ አራት ሚናራዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። ሩስተም ደግሞ የእነዚህን ሚናራዎች ጫፍ በእርሳስ ብረት የሚለብጥ ሰው ነው። ታዲያ እንዴት አይኮራ?

ከሚናራው ላይኛው ሰገነት ሲቆም ወዲህ ግሪክ፣ ወዲያ ቡልጋሪያ ይታየዋል። "ቆሞ ሦስት አገር የሚያይ ሠራተኛ የት አለ?" እያለ ሚስቱን ፋዚሌትን ያሰለቻታል።

"ሦስት አገር ታያለህ፣ የገዛ ወንድምህን ግን አታይም" ትለዋለች።

ሩስተም ይህን ሲሰማ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እሱና ታናሹ ራሚስ በኪርክፒናር የትግል ሜዳ፣ እንደ ወጉ ገላቸውን የወይራ ዘይት ተቀብተው ታገሉ። ታናሹ ታላቁን በጀርባው ዘረጋው። ይሁን፣ በወንድም መሸነፍ ነውር የለውም። ግን አሸናፊው ታናሽ የታላቁን እጅ መሳም አለበት፤ ሕጉ ነው። ራሚስን ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞት ሄደ። ሩስተም እጁን እንደዘረጋ ሣሩ ላይ ቀረ። ማን እንደጣለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያቺ እጅ ሳትሳም እንዳይሞት ይፈራል፤ ግን ሳመኝ ተብሎ ይለመናል?

ሁለቱም የሚሠሩት እዚያው መስጊድ ነው። በሚሠሩበት ሚናራ ውስጥ ሦስት ደረጃዎች ለየብቻ ተጠማዝዘው ይወጣሉ፤ በየራሳቸው ደረጃ የሚወጡ ሰዎች አይተያዩም። መስጊዱን የሠራው የጥንት ግንበኛ ለጥበብ ያበጀውን እነዚህ ለኩርፊያ አዋሉት። ሩስተም ወደ ላይኛው ሰገነት፣ ራሚስ ወደ መካከለኛው ይወጣሉ። ሩስተም ታዲያ ከግድግዳው ወዲያ የወንድሙን ሳል ያልሰማ ቀን ሲነጫነጭ ይውላል።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ጠዋት የእርሳስ ጥቅል ተሸክሞ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ኮቴም ቆመ።

"ምን ወደቀ?" አለ ራሚስ።

ሩስተም ግድግዳውን ተደግፎ ለመነሳት ሞከረ።

"አቢ! መልስልኝ እንጂ!"

ታላቅ ወንድም የሚጠራበትን ቃል ከዚያ አፍ ከሰማ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

"እያረፍኩ ነው። ምን አገባህ?"

"አንተ ደሞ መቼ አርፈህ ታውቃለህ! መጣሁ።"

"በየት በኩል? ደረጃው አይገናኝም እኮ!"

ራሚስ ግን ቁልቁል እየሮጠ ነበር። ኮቴው ወርዶ ወርዶ ጠፋ፤ ከዚያ በሩስተም በራሱ ደረጃ ከታች መሰማት ጀመረ። እያለከለከ ደረሰ። ጥቅሉን ወደ ጎን ገፋ፣ የታላቁን እጅ ያዘ፣ ሳመና ግንባሩ ላይ አደረገው።

"ያን ቀን እኮ ተመልሼ ነበር" አለ። "አንተ ግን ሄደህ ነበር።"

"ተመልሰህ ነበር?"

"እንዴት አልመለስ! ሜዳውን ሁሉ ፈለግኩህ።"

ሩስተም ያኔ እጁን ሰብስቦ፣ ላንዲት አፍታ እንኳ ሳይጠብቅ ከሜዳው እንደወጣ ትዝ አለው። እንባው መጣ። "ዘይቱ ዓይኔ ባይገባ አትጥለኝም ነበር" አለ።

"እሺ አቢ፣ ዘይቱ ነው። በል ታዘል።"

ደረጃው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ራሚስ አዘለውና ወረደ። በሩ ላይ ምእመናኑ ደንግጠው ሲሰበሰቡ፣ ሩስተም ከወንድሙ ጀርባ ላይ ሆኖ አንገቱን አቀና።

"አያችሁት?" አለ ጮክ ብሎ። "ኪርክፒናር ላይ የጣለኝ ይሄ ነው። ታናሼ ነው!"